ሣር ለማሳጨድ ስንት መክፈል ይገባል?

ክረምቱ ሲወጣ መስኩ ሁሉ ሣር ነው። ከብት ያለው ሰው ለበጋ የሚሆን ድርቆሽ ማዘጋጀት አለበት። በደብረ ብርሃን፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ አካባቢ ደግሞ ድርቆሽ የገበያ ዕቃም ነው፤ በመኪና እየተጫነ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይሄዳል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይፈላለጋሉ። አንዱ ሣር ያለው፣ ጉልበት ያጠረው ሰው ነው። ሌላው ማጭዱን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ንግግራቸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

— ይህን ሣር በስንት ታጭድልኛለህ?
— እርስዎ ስንት ይሰጡኛል?
— ኧረ አንተ ተናገር እንጂ!
— እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።

እንዲህ እየተባባሉ ይቆያሉ። በመጨረሻ አንዱ ቁጥር ይጠራል፤ ሌላው ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ታዲያ ይህ ዋጋ ከየት መጣ? ከሥራው አልመጣም። ከግምት መጣ። ግምቱ ከፍ ካለ አሠሪው ይጎዳል። ዝቅ ካለ ሠራተኛው ይጎዳል። ሥራው ሲጋመስም ጠብ ይነሣል። ሠራተኛው «አልተስማማሁም፤ ሥራው ከነገሩኝ በላይ ነው» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ሣሩ መሬት ላይ ተጋድሞ ዝናብ ይመታዋል።

ሣርን ማሳጨድ መልካም ነው፤ ማጨድም መልካም ነው። ክፉው ነገር ሳይለኩ መዋዋል ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ዋጋን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅን እንማራለን። የሚያስፈልጉን ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አንድ ገመድ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ወረቀት። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ከቻልን ይበቃናል።

1. ሣር ማሳጨድ አንድ ሥራ አይደለም

«ሣር ማጨድ» ስንል አንድ ሥራ ይመስለናል። ነገር ግን ሣሩ ከመስክ ተነሥቶ ክምር እስኪሆን ድረስ ብዙ ሥራ አለ። እስቲ እንቁጠር።

ሀ. ሣሩን ማጨድ።
ለ. የታጨደውን ፀሐይ እንዲያገኘው መበተንና መገልበጥ።
ሐ. የደረቀውን መሰብሰብ።
መ. ማሰር።
ሠ. ወደ ቤት ወይም ወደ መንገድ ዳር ማጓጓዝ።
ረ. መከመርና ክምሩን መክደን።

አንድ ሰው «በ2,000 ብር አጭድልዎታለሁ» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «በ4,000 ብር» ቢል፣ ርካሹ የትኛው ነው? ገና አናውቅም። የመጀመሪያው ሰው ማጨዱን ብቻ አስቦ ይሆናል። ሁለተኛው እስከ ክምሩ ድረስ ያለውን ሁሉ አስቦ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት የሥራውን ዝርዝር እንጻፍ። ለሁለቱም ሰዎች ያንኑ ዝርዝር እናንብብላቸው። ያን ጊዜ ሁለቱ ዋጋዎች እኩል ይመዘናሉ።

2. መሬቱን እንለካ

በብዙ ቦታ መሬትን በጥማድ እንቆጥራለን። ጥማድ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ይባላል። ነገር ግን በሬ ከበሬ፣ አፈር ከአፈር ይለያያል። ስለዚህ የአንዱ አገር ጥማድ ከሌላው አገር ጥማድ ጋር አይተካከልም። ከሩቅ የመጣ አጫጅ የእኛን ጥማድ ላያውቅ ይችላል። ሜትር ግን የትም ቦታ ያው ሜትር ነው። አንድ ሄክታር ማለት 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ይኸውም ወርዱም ቁመቱም 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው።

የሜትር ገመድ ለመሥራት ከልብስ ሰፊ ወይም ከአናጢ ሜትር እንዋስ። የማይለጠጥ ገመድ ወስደን 20 ሜትር እንለካ። በየ5 ሜትሩ ቋጠሮ እንሥራ። ይህ ገመድ ለዓመታት ያገለግላል።

አሁን አንድ ማሳ እንለካ። ከላይ ጠርዝ እስከ ታች ጠርዝ ስንለካ ገመዱ 4 ጊዜ ገባ።

4 × 20 = 80 ሜትር

የላዩ ጠርዝ ሲለካ ገመዱ 3 ጊዜ ገባ፤ 60 ሜትር ነው። የታቹ ጠርዝ ሲለካ 2 ጊዜ ገባ፤ 40 ሜትር ነው። ማሳው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ጠርዞች ደምረን ለ2 እናካፍላለን።

60 + 40 = 100
100 ÷ 2 = 50 ሜትር

ከዚያ ቁመቱን በወርዱ እናባዛለን።

80 × 50 = 4,000 ካሬ ሜትር

ስለዚህ የማሳው ስፋት 4,000 ካሬ ሜትር ነው። «አንድ ጥማድ ተኩል ይሆናል» ከማለት ይህ ይሻላል። አሠሪውም ሠራተኛውም አብረው ገመዱን ቢይዙ ደግሞ የበለጠ ይሻላል። አብሮ የለካ ሰው ኋላ አይከራከርም።

3. ጊዜውን እንለካ

አንድ አጫጅ በቀን ስንት ካሬ ሜትር ያጭዳል? ለዚህ ጥያቄ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሣሩ ቁጥቋጦ ካለበት፣ ድንጋይ ከበዛበት፣ ወይም ነፋስና ዝናብ አጋድሞት ከሆነ ሥራው ይዘገያል። መሬቱ ዳገት ወይም ረግረግ ከሆነም ይዘገያል። ማጭዱ ከደነዘዘ ደግሞ ጉልበት ያልቃል እንጂ ሣሩ አያልቅም።

ስለዚህ በግምት ከመከራከር መሞከር ይሻላል። በገመዳችን ወርዱም ቁመቱም አንድ ገመድ የሆነ ቦታ እንከልል።

20 × 20 = 400 ካሬ ሜትር

ሣሩ በጣም ሳስቶ ያለበትን ወይም በጣም ጠንክሮ ያለበትን ቦታ አንምረጥ። መካከለኛውን እንምረጥ። አንድ አጫጅ ይህን ቦታ ይጨድ። እንደ ልማዱ ይሥራ፤ አይሩጥ፣ አይዘግይ። የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት እንጻፍ። የሞከረበት ጊዜም ይከፈለዋል፤ ሙከራው ራሱ ሥራ ነውና።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በ6 ሰዓት ጨረሰ እንበል። 400 ካሬ ሜትር በ4 ሰዓት ታጨደ ማለት ነው። የቀን ሥራ 8 ሰዓት ቢሆን በቀን 800 ካሬ ሜትር ያጭዳል። የማሳው ስፋት 4,000 ነበር።

4,000 ÷ 800 = 5

ስለዚህ ማጨዱ ለአንድ ሰው የ5 ቀን ሥራ ነው። አምስት ሰዎች ቢሆኑ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሰው ቢበዛም ቢያንስም የሥራው ልክ 5 የሥራ ቀን ነው። «የሥራ ቀን» የምንለው የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

4. ሒሳቡን እንሥራ

አሁን ዋጋውን ማስላት እንችላለን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ብር ለመማሪያ ያህል ነው። የቀን ሥራ ዋጋ ከቦታ ቦታ፣ ከዓመት ዓመት ይለወጣል። እናንተ በዚያ ሳምንት በመንደራችሁ የሚከፈለውን የቀን ዋጋ አስገቡ። እሱን ለማወቅ አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። ሁለት ሦስት አሠሪዎችን፣ ሁለት ሦስት ሠራተኞችን ጠይቁ። አሠሪ ዝቅ አድርጎ፣ ሠራተኛ ከፍ አድርጎ ሊነግራችሁ ይችላል፤ እውነቱ ብዙውን ጊዜ በመካከል ነው።

የቀን ዋጋው ከነቀለቡ 400 ብር ነው እንበል።

ማጨድ፦ 5 የሥራ ቀን × 400 = 2,000 ብር
መገልበጥና መሰብሰብ፦ 2 የሥራ ቀን × 400 = 800 ብር
ማሰር፣ ማጓጓዝና መከመር፦ 2 የሥራ ቀን × 400 = 800 ብር
ድምር፦ 9 የሥራ ቀን፤ 3,600 ብር

ሥራውን በቁርጥ የሚይዝ የአጫጆች አለቃ ካለ ለእሱም የሚገባው ነገር አለ። ሰው የሚሰበስበው እሱ ነው። ማጭድ፣ ሞረድና ገመድ የሚያቀርበው እሱ ነው። አንድ ሠራተኛ ቢታመም የሚተካው እሱ ነው። ለዚህ ከ10 እጅ አንድ እጅ ብንጨምርለት፦

3,600 ÷ 10 = 360
3,600 + 360 = 3,960 ብር

እንግዲህ የዚህ ሥራ ተገቢ ዋጋ 4,000 ብር ገደማ ነው። አሁን ሰው ዋጋ ሲጠራ ዓይናችን ክፍት ነው።

አንዱ መጥቶ «5,500 ብር» ቢል አንቆጣ። ከሒሳባችን በ1,540 ብር ይበልጣል። ይህ ወደ 4 የሥራ ቀን ይጠጋል። «አራት ቀን የሚጨምረው የትኛው ሥራ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ምናልባት እኛ ያላየነውን አይቶ ይሆናል፤ ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ወይም ሩቅ መንገድ። ምክንያቱን ካሳየን እንጨምርለት። ምክንያት ከሌለው ዋጋው አልተለካም ማለት ነው።

ሌላው መጥቶ «2,200 ብር» ቢል ደግሞ ፈጥነን ደስ አይበለን። እናስላ። ማጨዱ ብቻ 2,000 ብር ነው። የአለቃው 10 እጅ 200 ብር ነው። ሲደመር 2,200 ብር ይሆናል። ሰውየው ማጨዱን ብቻ ይዟል ማለት ነው! መገልበጡ፣ መሰብሰቡ፣ ማሰሩና መከመሩ ለእኛ ቀርቷል። ይህን አውቀን ብንስማማ ምንም አይደለም። ሳናውቅ ብንስማማ ግን ሣሩ ታጭዶ ሲያበቃ ሁለተኛ ሠራተኛ ፍለጋ እንወጣለን።

5. ቀለቡ በማን ነው?

ቀለብን አለመነጋገር የብዙ ጠብ ምክንያት ነው። አሠሪው ምሳና ጠላ ካቀረበ ያ ገንዘብ ነው። እህሉ ከጎተራ ስለወጣ ነፃ አይደለም። የሴቶች የወጥ ቤት ድካምም ሥራ ነው። በገንዘብ ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ ተረስቶ ይቀራል፤ ሊረሳ ግን አይገባውም።

በምሳሌያችን የቀን ዋጋው ከነቀለቡ 400 ብር ነበር። የአንድ ሰው የቀን ቀለብ 100 ብር ያወጣል ብንል፣ አሠሪው ካበላ በእጅ የሚከፈለው 300 ብር ነው። ሠራተኛው ራሱን ከቻለ 400 ብር ነው። በሁለቱም መንገድ ድምሩ ያው ነው። ሁለቱም አስቀድመው ከተነጋገሩ ማንም አይጎዳም።

6. የድርቆሹን ዋጋ ከወጪው ጋር እናመዛዝን

ድርቆሹን የምንሸጥ ከሆነ ሌላም ሒሳብ አለ። ከማሳው 90 እስር ድርቆሽ ወጣ እንበል።

3,960 ÷ 90 = 44 ብር

አንዱን እስር ለማዘጋጀት 44 ብር ወጥቷል። ገበያ ላይ አንድ እስር ስንት ያወጣል? የመኪና ኪራይ ከተጨመረስ? ይህን ሳያውቁ መሸጥ በጨለማ እንደ መሄድ ነው። ነጋዴው ወጪውን አስልቶ ነው የሚመጣው። እኛም አስልተን እንጠብቀው።

ሣር በእስር ወይም በኪሎ ሲከፈል እርጥብና ደረቅ መለየት አለበት። ከ100 ኪሎ እርጥብ ሣር ውስጥ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ደርቆ ለክምር ሲደርስ የሚቀረው 30 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ «በኪሎ እከፍላለሁ» የሚል ሰው በእርጥብ ነው ወይስ በደረቅ? በእስር ከሆነ ደግሞ የእስሩ ልክ ምን ያህል ነው? አንድ ሰው ጠበቅ አድርጎ ያስራል፤ ሌላው ላላ አድርጎ ያስራል። አንድ እስር ለናሙና ታስሮ ሁለቱም ወገኖች ይዩት። ሌላው ሁሉ በእሱ ልክ ይሁን።

7. ርካሽ ዋጋ የሚያስወድድበት ጊዜ

ሣር ጊዜ አለው። አብዛኛው ሣር ማበብ ሲጀምር እስከ ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ድረስ ቢታጨድ ለከብት ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አገዳው ይጠነክራል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ፍሬው ይበተናል። ክምሩ ትልቅ ይመስላል እንጂ ላሚቱ ወተት አትጨምርም። በሌላ በኩል ደግሞ ዝናቡ ሳያባራ ብናጭድ ሣሩ ይሻግታል። ስለዚህ ትክክለኛዎቹ ቀኖች ጥቂት ናቸው። በእነዚያ ቀኖች ሁሉም ሰው አጫጅ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

«ኅዳር ሲያልቅ በርካሽ አጭድልዎታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እናድርግ? በአንድ በኩል የምናተርፈውን፣ በሌላ በኩል የምናጣውን እንጻፍ። 500 ብር አትርፈን የድርቆሹ ጉልበት ቢቀንስ፣ ያንን ለማካካስ ፋጉሎ እንገዛለን። ያ ከ500 ብር ይበልጥ ይሆናል።

የሥራው ጥራትም እንዲሁ ነው። ሣሩ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጡ ይግላል፤ ይሻግታል። ሙቀቱ ከበረታ ክምሩ ከውስጥ ተነሥቶ ሊቃጠል ይችላል። ሣር እንደ ፀሐዩ ከ2 እስከ 4 ቀን ያህል መድረቅ ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስደን እንጠምዝዘው። አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ውሃ ካዛገ ወይም እንደ ገመድ ከተለመጠ አልደረቀም። ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ሳይደርቅ የሚከምር ሠራተኛ በርካሽ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው።

ደግሞም ሣር ከሥሩ ተላጭቶ መታጨድ የለበትም። አራት ጣት ያህል ቢቀርለት መልሶ ያቆጠቁጣል። መሬቱም ራቁቱን አይቀርም። ይህንንም አስቀድመን እንነጋገር።

8. ደቦና ወንፈልስ?

«ገንዘብ ለምን እናወጣለን? ደቦ እንጠራለን» የሚል ይኖራል። መልካም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዝናብ ሲያሰጋ በአንድ ቀን አጭዶ ለመጨረስ ከደቦ የሚሻል የለም።

ነገር ግን ደቦም ዋጋ አለው። እህልና ጌሾ ይወጣል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ ብድር ነው። 9 ሰዎች አንድ አንድ ቀን ከሠሩልን፣ እኛም ለ9 ሰዎች 9 ቀን እንሠራለን። በእነዚያ 9 ቀኖች የራሳችን ጤፍ የሚደርስ ከሆነስ? ይህንንም በወረቀት ላይ እናስፍር። በአንድ ወገን የቀን ሠራተኛ ወጪ፣ በሌላው ወገን የደቦ ወጪና የምንመልሰው ቀን ይጻፍ። ከዚያ የሚሻለውን እንምረጥ። ደቦን ብንመርጥም ማጨጃውና መከመሪያው ቀን የተለያየ መሆኑን አንርሳ፤ ሣሩ በመካከል መድረቅ አለበትና።

9. ሠራተኛ ብንሆንስ?

ብዙዎቻችን በአንዱ ወር አሠሪ፣ በሌላው ወር ሠራተኛ ነን። ሒሳቡ ለሁለቱም ያው ነው። ሠራተኛ ስንሆን ደግሞ እነዚህን እንጠይቅ።

ሥራው የት ይጀምራል? የት ያበቃል? ማጭዱ የማን ነው? ቀለቡና ማደሪያው በማን ነው? ዝናብ ሥራ ቢያስፈታን ይከፈለናል ወይ? በዓል በመካከል ቢውል እንዴት ነው? ገንዘቡ የሚከፈለው ለእያንዳንዳችን ነው ወይስ ለአለቃው? ለአለቃው ከሆነ እሱ ከ10 ስንት ይወስዳል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ «የቀን ሥራ» ስንል 8 ሰዓት ብለን ማስላታችን መሠረት አለው። ከንጋት እስከ ምሽት 12 ሰዓት የሠራ ሰው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ቀን ተኩል ሠርቷል።

12 ÷ 8 = 1.5

የቀን ዋጋው 400 ብር ቢሆን፣ ለአንድ ቀን ተኩል ሥራ 400 ብር የተቀበለ ሰው በሒሳባችን 200 ብር ቀርቶበታል። ማታ ማታ የሠራንበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እንጻፍ። በመክፈያው ቀን አፍ ሳይሆን ደብተር ይናገራል።

10. ስለ ቀብድና ስለ አከፋፈል

ገንዘቡን በሙሉ አስቀድሞ መክፈል አይመከርም። በሙሉ ወደ ኋላ ማቆየትም አይመከርም። ሠራተኛው እየሠራ መብላት አለበት። ጥሩው መንገድ ከፋፍሎ መክፈል ነው። ለምሳሌ 3,960 ብር በ3 ሲከፈል 1,320 ብር ይሆናል። አንዱ እጅ የሣሩ ግማሽ ሲታጨድ፣ ሁለተኛው እጅ ደርቆ ሲሰበሰብ፣ ሦስተኛው እጅ ተከምሮ ሲከደን ይከፈል። በእያንዳንዱ ጊዜ ተቀባዩ ይፈርም።

ቀብድ ከተሰጠ ሕጉን እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ይናገራል። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 500 ብር ቀብድ የተቀበለ ሰው የተሻለ ከፋይ አግኝቶ ቢሄድ 1,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው።

11. ውሉን እንጻፍ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እንዲህ ያለ የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ውል ነው። ነገር ግን ሲካድ ማስረዳቱ ይከብዳል። ስለዚህ በጽሑፍ እናድርገው፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በሚመለከተው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ሕጉ ይህን ያለው ያላነበበው ወረቀት ሰውን እንዳያጠምደው ነው። እኛ አሁን ማንበብ ችለናል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው። ያልገባን ቃል ካለ አንፈርም።

የውሉ ናሙና ይህ ነው።

የሥራ ውል

አሠሪ፦ ………… ሠራተኛ ወይም አለቃ፦ …………
1. ሥራው፦ ሣር ማጨድ፣ መገልበጥ፣ መሰብሰብ፣ ማሰር፣ ማጓጓዝ፣ መከመርና መክደን።
2. ቦታውና ስፋቱ፦ ………… ካሬ ሜትር።
3. አስተጫጨዱ፦ ከሥሩ አራት ጣት ቀርቶለት።
4. የሚጀመርበት ቀን፦ ………… የሚያልቅበት ቀን፦ …………
5. ዋጋው በአሐዝ፦ ………… ብር። በፊደል፦ ………… ብር።
6. አከፋፈሉ፦ በ3 ጊዜ።
7. ቀለብና መሣሪያ፦ በ…………
8. ዝናብ ሥራ ቢያስፈታ፦ …………
የአሠሪ ፊርማ ………… የሠራተኛ ፊርማ …………
ምስክር 1 ………… ምስክር 2 ………… ቀን …………

ዋጋውን በአሐዝም በፊደልም የምንጽፈው ለምንድን ነው? በ400 ላይ አንዲት ዜሮ ብትጨመር 4,000 ይሆናል። «አራት መቶ» ብለን በፊደል ከጻፍን ግን ለማንም አይመችም። ውሉን በሁለት ቅጂ እንጻፍ፤ አንዱ ለአሠሪው፣ አንዱ ለሠራተኛው።

ይህ ሁሉ ለሣር ብቻ አይደለም። አረም ስናሳርም፣ ቤት ስናስከድን፣ አጥር ስናሳጥር፣ ጉድጓድ ስናስቆፍር መንገዱ አንድ ነው። ሥራውን በዝርዝር መጻፍ፣ መለካት፣ በጥቂቱ መሞከር፣ ማስላት፣ ከዚያ መዋዋል። ተገቢ ዋጋ ማለት ሁለቱም ወገኖች ሒሳቡን አይተው «ይህ የሥራው ልክ ነው» የሚሉት ዋጋ ነው። እንዲህ የተስማሙ ሰዎች በሚመጣው ዓመትም ይፈላለጋሉ።

ጥያቄዎች

1. ሣር ታጭዶ እስኪከመር ድረስ ያሉትን ሥራዎች ጻፉ።
2. የአንድ ማሳ ቁመት 60 ሜትር፣ የላዩ ወርድ 50 ሜትር፣ የታቹ ወርድ 30 ሜትር ነው። ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው?
3. አንድ አጫጅ በቀን 600 ካሬ ሜትር ቢያጭድ፣ ይህን ማሳ በስንት ቀን ይጨርሳል?
4. በመንደራችሁ ባለው የቀን ዋጋ የማጨዱን ዋጋ ብቻ አስሉ።
5. አንድ ሰው 300 ብር ቀብድ ተቀብሎ ሥራውን ቢተው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ስንት ይመልሳል?
6. በቤታችሁ ደቦ ስትጠሩ የሚወጣውን ወጪ በዝርዝር ጻፉ። ከቀን ሠራተኛ ወጪ ጋር አመዛዝኑና በቡድን ተወያዩበት።